ቤት ብቻውን የሚውል ቡችላ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ቡችላ ወደ ቤቱ ያስገባ ሠራተኛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ብቻውን ስንት ሰዓት ልተወው እችላለሁ?» መልሱ በቁጥር የሚያልቅ ስለሚመስል ጠያቂው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ይህን ጉዳይ መዝግቤ ለማስቀመጥ የፈለግሁት ቁጥሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ቡችላው አንድ፣ ቤቱም አንድ ነው፤ ችግሩ ግን ሦስት ነበር። ሦስቱም ማታ በር ሲከፈት ተደባልቀው ነበር የሚታዩት፦ እርጥብ ወለል፣ የተጋጠ እንጨት፣ የተማረረ ጎረቤት።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በውሻ አሠልጣኝነት ሥራዬ ነው። ሰዎቹን ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ። የቡችላው ዕድሜ፣ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተልና ውጤታቸው ግን እንደነበሩ ቀርበዋል።

ባለቤቲቱ፣ ቡችላውና ቤቱ

ባለቤቲቱ ብቻዋን የምትኖር የቢሮ ሠራተኛ ናት። ጠዋት ከወጣች ማታ እስክትመለስ፣ የመንገዱ ጊዜ ሲጨመር፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያልፋል። የምትኖረው ፎቅ ላይ በሚገኝ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ የአንዱ ቤት ድምፅ ለሌላው ይሰማል። ፊት ለፊቷ ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ይኖራሉ።

ቡችላው ወንድ ነው፤ መካከለኛ ቁመት ካላቸው ድቅል ውሾች የተወለደ። ወደዚህ ቤት የመጣው በዘጠኝ ሳምንቱ ነው። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባይለይ ስለሚመረጥ በዚህ በኩል ነቀፌታ የለም። ጤናማ ነበር፣ በደንብ ይበላ ነበር፣ የመጀመሪያ ክትባቱን ወስዷል።

ባለቤቲቱ ለቡችላው ብላ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰደች። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ለአፍታ እንኳን አልተለየችውም። ሶፋ ላይ እግሯ ሥር ይተኛል፤ ወጥ ቤት ስትገባ ይከተላታል፤ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ደግሞ እንዳያለቅስ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተውለታለች። ሌሊት መኝታው ከአልጋዋ አጠገብ ነው። ክትባቱ ስላላለቀ ወደ ውጪ አልወጣም፤ እንግዳም አልመጣም። ፈቃዱ ሲያልቅ ቡችላው ለአምስት ደቂቃ እንኳን ብቻውን ሆኖ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ሰኞ ለዘጠኝ ሰዓት በር ተዘጋበት።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ለቡችላ ብሎ ፈቃድ የሚወስድ ሰው ራሱ ጥቂት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ እንዴት እንደተበላሸ ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ የለም፤ ፈቃዱ ቡችላውን ለብቸኝነት አላዘጋጀውም፤ ይልቁንም ፈጽሞ ብቸኝነት የሌለበትን ዓለም አስለመደው።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ወለሉ በሽንት ርሶ ይገኝ ነበር። የመግቢያው በር መቃን ታችኛው ክፍል ተቧጭሮና ተግጦ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቷ እናት በር አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ያ ቡችላ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል እኮ፤ አንጀቴን በላው» አሏት። ሌሎቹ ጎረቤቶች እንዲህ ለስላሳ አልነበሩም።

ባለቤቲቱ ለነገሩ የሰጠችው ትርጉም ብዙ ሰው የሚሰጠው ነው፦ «ትቼው ስለሄድሁ ይበቀለኛል።» ማስረጃዋም ነበራት። ስትገባ ቡችላው ጆሮውን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ጥፋቱን አውቆ ነው ብላ ወደ እርጥቡ ወለል እየጠቆመች ትቆጣው ነበር።

ስለዚህ የጥፋተኝነት ፊት አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለችው ተመራማሪ በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመችው ጥናት አለ። ባለቤቶቹ ውሾቻቸውን አትብሉ ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገራቸዋል፤ የሚነገራቸው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ያ የተዋረደ ፊት የሚጎላው ውሻው ሲቆጡት ነው እንጂ ስላጠፋ አልነበረም። ምንም ያልነካው ውሻ ሲቆጡት እንደበላው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። በእኛም ጉዳይ ቡችላው የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማታ በሩ ሲከፈት ቁጣ ይገባል። ስለዚህ ቀን መለየቷን ይፈራል፣ ማታ ደግሞ መምጣቷን።

መጀመሪያ የተሞከሩ መፍትሔዎች

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ባለቤቲቱ ከወዳጅ ከዘመድ የሰማችውን ሁሉ ሞክራለች። ሰነፍ ሰው አልነበረችም።

አንደኛው የሽቦ ሣጥን ነበር። «ውሻ የሚተኛበትን አያቆሽሽም፣ በሣጥን ዝጊው» ተባለች። እውነት ነው፣ ቡችላ መኝታውን ማርጠብ አይወድም፤ ሣጥንም በአግባቡ ያለመዱት ውሻ መሸሸጊያው ያደርገዋል። ይህ ቡችላ ግን ሣጥኑን ባየበት በመጀመሪያው ቀን ነው የተቆለፈበት። መኝታውን አረጠበ፣ እዚያው ላይ ተኝቶ ዋለ።

ሁለተኛው ሬዲዮ ነው። የሰው ድምፅ ያጽናናዋል ተብሎ ስትወጣ ትከፍትለታለች። ሬዲዮው የሚከፈተው ስትወጣ ብቻ ስለነበር ቡችላው በሁለት ሳምንት ውስጥ ትርጉሙን ደረሰበት፦ ሬዲዮ ማለት መለየት ማለት ነው። ገና ድምፁ ሲሰማ ማለክለክ ጀመረ።

ሦስተኛው በምግብ የተሞላ የጎማ መጫወቻ ነው። አራተኛው ደግሞ በእኩለ ቀን እየመጣ ቡችላውን የሚያይ ወጣት ዘመድ። ሁለቱም በራሳቸው ጥሩ ሐሳቦች ናቸው፤ ለምን እንዳልሠሩ ያወቅነው በኋላ ነው።

«ይለቀስ፣ ይወጣለታል» የሚል ምክርም ነበር። ለሦስት ሳምንታት ያህል ሳይፈለግ ይኸው ሲፈጸም ቆይቷል፤ አልወጣለትም፣ ይልቁንም ባሰበት። ወደ እኔ ሲመጡ ቡችላው ሦስት ወር ተኩል ሆኖት ነበር።

አስቀድሞ ሐኪም

ማንኛውንም ሥልጠና ከመጀመራችን በፊት ወደ እንስሳት ሐኪም ተላኩ። ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚሸና ቡችላ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ የታመመን እንስሳ በሥልጠና ማረም ደግሞ ጭካኔ ነው። ሽንቱና ዓይነ ምድሩ ተመረመሩ፣ ምንም አልተገኘም።

በዚያው ቀጠሮ ስለ ክትባት ተነጋገሩ። ቡችላን ሊገድል የሚችለው ፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ክትባቱም እስከ 16ኛው ሳምንት ገደማ እየተደገመ ስለሚሰጥ፣ ባለቤቲቱ ቡችላውን ከቤት አለማውጣቷ ምክንያት ነበረው። ይሁን እንጂ ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና አዲስ ቦታን ሳይፈራ የሚለምድበት ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። ሙሉ ክትባቱን እየጠበቅን ቤት ስንዘጋበት ይህ መስኮት ይዘጋል። ሐኪሙ የመከረው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ በእቅፍ ይዞ መውጣት፣ ብዙ ውሻ የሚመላለስበትን መሬት አለማስረገጥ፣ የተከተቡና ጤናማ ውሾች ያሉበት ቤት መጎብኘት።

ካሜራው ያሳየው

ባለቤቲቱ አሮጌ ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ ሁለት ቀን ቀረጸች፤ አንዱን ቡችላው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ሌላውን ወጥ ቤትና መተላለፊያው ላይ ልቅ ሆኖ።

የመጀመሪያው ቀረጻ ለማየት ይከብዳል። ገና ቁልፉ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ቡችላው ማለክለክ ጀመረ። በሩ እንደተዘጋ ጆሮውን አቁሞ ጥቂት አዳመጠ፤ ከዚያ ማለቃቀስ፣ ቀጥሎ ማላዘን። በአምስተኛው ደቂቃ የሣጥኑን በር በጥርሱ ይጎትታል፤ ደረቱ በለሃጭ ርሷል። ሽንቱን የለቀቀው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነው፤ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ሸንቶ ነበር። ፊኛው ሞልቶ አልነበረም ማለት ነው። በምግብ የተሞላው መጫወቻ አፍንጫው ሥር ተቀምጧል፤ አልነካውም። ማታ ባለቤቲቱ ስትገባ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የመጀመሪያ ሥራው እሱን መላስ ሆነ።

ለእኔ ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ የተናገረው ይህ ያልተነካ ምግብ ነው። የሚወደውን ምግብ ትቶ በር ላይ የሚያፈጥ ቡችላ ሰልችቶት አይደለም፣ ፈርቷል። ባለቤቲቱ ማታ ባዶውን መጫወቻ እያየች «በልቶታል፣ ደህና ውሏል» ትል ነበር፤ የበላው ግን ከተመለሰች በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቀረጻ ሌላ ታሪክ ይዟል። ልቅ የነበረው ቡችላ አሁንም አለቀሰ፣ በሩንም ቧጨረ፤ ሆኖም ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ከበሩ ሥር ተጋድሞ ተኛ። ሽንቱን የለቀቀው ከሦስት ሰዓት በኋላ ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው። ከዚያ ወጣቱ ዘመድ መጣ። በሳቅና በሩጫ አንድ ሩብ ሰዓት አብሮት ተጫወተ፤ የቡችላው ጨዋታ ሞቅ ባለበት ቅጽበት ልጁ ሰዓቱን አየና በሩን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ልቅሶ ከጠዋቱ ረዘም ያለ ነበር። በአንድ ቀን ሁለት መለየት ሆነበት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር ታየ። ቡችላው ተረጋግቶ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ የወንበር እግር ይግጣል። ማለክለክ የለም፣ ለሃጭ የለም፣ ወደ በር መመልከት የለም። እንጨት ሲያኝክ ደስ ያለው ቡችላ ብቻ ነው።

ሦስቱ ችግሮች

ከቀረጻው በኋላ ነገሩን ለያይተን ማየት ቻልን።

የመጀመሪያው የፊኛ ጉዳይ ነው። በልማድ የሚሠራበት ስሌት ቀላል ነው፦ ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው በወር በሚቆጠር ዕድሜው ላይ አንድ ሲደመር በሚገኘው ሰዓት ያህል ነው። የሦስት ወር ቡችላ አራት ሰዓት ያህል፣ ያውም ተኝቶ ከሆነ። በጨዋታ መካከልና ከበላ በኋላ ከዚህ በጣም ያንሳል። ሥራ የተጀመረበት ሰኞ ቡችላው 11 ሳምንቱ ነበር፤ ስለዚህ ምንም ፍርሃት ባይኖርበት እንኳን ዘጠኝ ሰዓት ደርቆ ሊውል አይችልም ነበር። ለአዋቂ ውሻም ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ብዙ ነው፤ በስዊድን ደንብ ውሻ ቀን ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ መውጣት አለበት፣ ቡችላና አሮጌ ውሻ ደግሞ ከዚህም ቶሎ ቶሎ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። መለያው ጊዜው ነው፤ የመለየት ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በወጣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፈነዳል፤ ጉዳቱም በመውጫው በርና በመስኮቱ ዙሪያ ይሰበሰባል።

ሦስተኛው ጥርስና ሥራ ፈትነት ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ይበላዋል፣ ያገኘውን ይግጣል። የወንበሩ እግር የዚህ ውጤት ነበር።

መድኃኒታቸው አይገናኝም። ለፊኛው ሰው ያስፈልጋል። ለፍርሃቱ ቀስ ያለ ልምምድ፤ ለጥርሱ ደግሞ የሚኘክ ነገርና የተጠረገ ክፍል። ለፈራ ቡችላ ማኘኪያ መስጠት አይረዳም፤ ጥርሱ የሚበላውን ቡችላ ደግሞ ፈርቷል ብሎ ማባበል ጊዜ ማባከን ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ከሁሉም የከበደው የመጀመሪያው ነበር፦ ቡችላው ከሚችለው በላይ ብቻውን መዋል እንዲያቆም ማድረግ። እያንዳንዱ የፍርሃት ቀን የሥልጠናውን ሥራ ያፈርሳል። ጠዋት አምስት ደቂቃ አለማምዶ ወዲያው ለዘጠኝ ሰዓት መጥፋት አይቻልም። ባለቤቲቱ «ታዲያ ሥራዬን ልተው?» አለች፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መፍትሔው የተገኘው ከብዙ ቦታ ተቆራርጦ ነው። ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እንድትሠራ ተፈቀደላት፤ እህቷ አንድ ቀን ወሰደች፤ ለቀሩት ሁለት ቀናት ደግሞ ያቺ አንጀታቸው የተበላው ጎረቤት ቡችላውን እሳቸው ቤት ሊያውሉት ተስማሙ። ለጥቂት ወራት ብቻ መሆኑ ተነገራቸው። እሳቸውም «ግዴለም፣ ከማለቃቀሱ መዋሉ ይሻላል» አሉ።

ሣጥኑ ተነሳ። ወጥ ቤቱና መተላለፊያው በዝቅተኛ አጥር ተከለሉ፤ በአንዱ ጥግ መኝታና ውኃ፣ በሌላው ጥግ ሽንት የሚመጥ ምንጣፍ። የኤሌክትሪክ ገመዶች ከፍ ተደረጉ። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ውሻን ስለሚመርዙ ቡችላው ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ወጡ። አሮጌው የሽንት ቦታ ሽታን በሚያፈርስ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ታጠበ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚቀራረብ ተመልሶ እንዲሸና ሊጋብዘው ይችላል።

ከዚያ መለየት ከቤት ውስጥ ተጀመረ። ቡችላው ከአጥሩ በአንድ ወገን ምንጣፉ ላይ ይተኛል፤ ባለቤቲቱ በሌላው ወገን ታነባለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ከዓይኑ ጠፍታ ትመለሳለች። መታጠቢያ ቤት ስትገባ በር መዝጋት ጀመረች። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለዚህ ቡችላ ግን የመጀመሪያው የብቸኝነት ትምህርት ነበር። ቁልፉም ሥልጣኑን እንዲያጣ ተደረገ፦ በቀን ብዙ ጊዜ ታነሳዋለች፣ ጫማዋን ታደርጋለች፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። ሬዲዮው እሷ ቤት እያለችም ይከፈታል።

ማለክለኩ ሲቀር ወደ መውጫው በር ተሻገሩ። ወጥታ በሴኮንዶች ውስጥ ተመለሰች። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ዐሥር ሴኮንድ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ። ጊዜው ሁልጊዜ እያደገ ብቻ አይሄድም፤ አንዳንዱ መውጣት አጭር መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ቡችላው እያንዳንዱ ቀን ከትናንቱ እንደሚከፋ ይማራል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከማልቀሱ በፊት መመለስ። ይህን ለማወቅ ደረጃው ላይ ቆማ በስልኳ ታየዋለች። ካለቀሰ፣ የሚቀጥለው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ስትወጣም ስትገባም ሰላምታው ረጋ ያለ ሆነ።

በምግብ የተሞላው መጫወቻ ሥራው ተቀየረ። መጀመሪያ ቤት እያለች ሰጠችው። በልምምዱ ወቅት ደግሞ እንደ ሚዛን አገለገለ፤ ቡችላው እየላሰ ከቆየ ጊዜው ልኩ ነው፤ ትቶት ወደ በር ከሄደ ግን አልፈነዋል ማለት ነው።

ረዘም ያለ መውጣት የሚደረገው ቡችላው እንቅልፍ በሚይዘው ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜ ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ጨዋታ፣ ምግብ፣ ሽንት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥታ፣ ከዚያ መውጣት። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ባለቤቲቱ መጀመሪያ ላይ «ይድከምልኝ» ብላ እስከ በሩ ድረስ ታሯሩጠው ነበር፤ ልቡ እየመታ የቀረ ቡችላ ግን አይተኛም፣ ይጮኻል።

ያልተሳካውና ወደ ኋላ የተመለሰበት

ልምምዱ ሃያ ደቂቃ በደረሰበት ጊዜ ባለቤቲቱ ድንገተኛ ስብሰባ ገጠማትና ሁለት ሰዓት ተወችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ። ሁለት ሰዓቱ ልቅሶ ነበር፣ በማግስቱም አምስት ደቂቃ አልቻለም። ወደ ቀድሞው ደረጃ ለመመለስ ከሳምንት በላይ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ለድንገተኛ ጊዜ የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ስም በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ።

ሁለተኛው ውድቀት ቡችላው አምስት ወር ተኩል ሲሆን መጣ። ባለቤቲቱ ታምማ ለብዙ ቀናት ቤት ዋለች፤ ስታገግም ቡችላው እንደገና ጥላዋ ሆኖ ነበር። በዚያው ሰሞን አዲስ የተጋጠ እንጨት ስላገኘች ሁሉም ነገር እንደፈረሰ ቆጠረች። ቀረጻው ግን የተለየ ነገር አሳየ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ አለቀሰ፣ ይህ እውነተኛ መመለስ ነው፤ እንጨቱን የጋጠው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ተረጋግቶ ነው፣ ይህ የመንጋጋ ጥርሶቹ ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያው ልምምዱ ለጥቂት ቀናት አጠረ። ለሁለተኛው ረጥቦ በማቀዝቀዣ በረዶ የሆነ ጨርቅና ጠንካራ የጎማ ማኘኪያ በቂ ሆኑ።

ሁለተኛ ቡችላ የማምጣት ሐሳብም ተነስቶ ነበር። አልተደረገም፤ እኔም አልመከርሁም። ይህ ቡችላ የሚፈራው የሰው መሄድን እንጂ የውሻ አለመኖርን አልነበረም። ከዚያም በላይ ሁለት ቡችላ ማለት ሁለት ፊኛ ማለት ነው።

ወጣቱ ዘመድ አልተባረረም፤ አጎበኛኘቱ ተለወጠ። ሲመጣ መጀመሪያ ሽንት፣ ከዚያ አጭር ጨዋታ፣ ከዚያ ምግብ፣ በመጨረሻ ቡችላው ማዛጋት እስኪጀምር ድረስ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ማየት። ይህ የመጨረሻው ክፍል ለወጣት ልጅ ከባድ ሥራ አልነበረም።

ጉዳዩ አሁን ያለበት ደረጃ

ቡችላው ስምንት ወር ሲሞላው ጠዋት አራት ሰዓት ያህል ብቻውን ይቆያል፤ አብዛኛውን ይተኛል። በእኩለ ቀን ጎረቤቷ እናት ወይም ወጣቱ ዘመድ ያወጡታል፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል እንደገና ብቻውን ነው። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሽንት የሚመጠው ምንጣፍ ተነስቷል። የበሩ መቃን ተቀይሯል።

ሙሉ ቀን ያለ ሰው መዋል አልቻለም፤ ግቡም እሱ አልነበረም። የበር ደወል ሲደወል አሁንም ይጮኻል። ባለቤቲቱ ከቤት የምትሠራባቸውን ሁለት ቀናት አልመለሰችም፤ ምሽት ከሥራ በኋላ በቀጥታ የምትሄድባቸው ቀጠሮዎችም ቀርተዋል። ይህ ዋጋ ነው፤ ቡችላ ለሚፈልግ ሠራተኛ ሰው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባም ይመስለኛል።

መድኃኒት አላስፈለገም። በሌላ ቤት ግን ሊያስፈልግ ይችላል። ክሎሚፕራሚንና ፍሎክሰቲን ለውሻ የመለየት ጭንቀት የተፈቀዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ የሚሰጡት ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ውሻ፣ በሐኪም ትእዛዝና ከልምምድ ጋር ተዳምረው ነው። ውሻው ራሱን እስኪያቆስል በር የሚነክስ ከሆነ ወይም ለሳምንታት ተለማምዶ አንድ ደቂቃ ካልቻለ፣ ሐኪም ማማከርን እንደ መሸነፍ መቁጠር አይገባም።

ለሌላ ቤት የሚተርፈው

ቡችላ ሲመጣ ፈቃድ የሚወስድ ሰው ፈቃዱን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በመውጣትና በመግባት ይጠቀምበት። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍል መውጣት፣ በር መዝጋት፣ ቆሻሻ ለመጣል መውረድ። ፈቃዱ ሲያልቅ ቡችላው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያለ ልቅሶ መቆየት ካልቻለ፣ ለመጀመሪያው የሥራ ሳምንት ሰው መፈለግ ከበር መቃን ርካሽ ነው።

እኩለ ቀን ላይ የሚመጣ ሰው ፈጽሞ ማግኘት የማይችል ሰው ቡችላ ከመውሰድ ይልቅ ብቻውን መቆየት የለመደ አዋቂ ውሻ ቢወስድ ይሻለዋል። ይህን ስናገር የሚከፋቸው አሉ፤ ቡችላ ያምራል። የሦስት ወር ፊኛ ግን በፍቅር አይሰፋም።

አሁን አሁን በዚህ ጉዳይ የሚደውልልኝን ሰው ሁሉ ከማነጋገሬ በፊት ቀረጻ እጠይቃለሁ። ካሜራው የመውጫውን በርና መኝታውን አንድ ላይ የሚያሳይ ይሁን፤ ባለቤቱ ለመውጣት መዘጋጀት ከጀመረበት ቅጽበት ይጀምር፤ ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቀጥል፤ የሚወደውም ምግብ ከቡችላው ፊት ይቀመጥ። ድምፁ ካልተቀረጸ እንኳን ችግር የለም፤ ምግቡ መበላት አለመበላቱ፣ ቡችላው ወዴት እንደሚመለከትና መቼ እንደሚተኛ ከታየ ሥራ ለመጀመር በቂ ነው።